ዲማን በስጦታ የሰጠሁ ሰሞን

የአሮጌ መኪናዬን የዲማን በር ስከፍት የወጣው ሽታ ነው ነገሩን ሁሉ የቀሰቀሰው። ዲማ በግቢያችን ቆርቆሮ ዳስ ሥር ስድስት ዓመት ተዘግታ ቆማለች። ቤንዚን፣ የረጠበ ጆንያ፣ የሃረና ጫካ ቡና፣ የተሰነጠቀ የወንበር ቆዳ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ታፍኖ ኖሮ አንድ ላይ ፊቴ ላይ ወጣ። እጄ በሩን እንደያዘ ቀረ። ባለቤቴ ዘይነባ ከኋላዬ ስለነበረች ወገቤ የያዘኝ መስሏት ወንበር ላምጣልህ ወይ አለችኝ። ወገቤ አልነበረም። ፍርሃት ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በገዛ ግቢው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አሮጌ መኪና ሲፈራ ለሚስቱ ምን ብሎ ይነግራታል? አያስፈልግም አልኳት።

ዲማ በኦሮምኛ ቀይ ማለት ነው። ከኋላዋ ሸራ የለበሰች ፒክአፕ ናት፤ ሮቤ በገባች ሳምንት ነው ሰው ስሙን ያወጣላት። ዛሬ ቀይነቷ ወደ ጡብ መልክ ሄዷል እንጂ ስሟ አልተለወጠም። እንድሰጣት ሐሳቡን ያመጣችው የእህል መደብሬን ሂሳብ የምትሠራልኝ የእህቴ ልጅ ሐናን ናት። ፈቃድ ላለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጡት ንብረት ተገምቶ፣ በሕጋዊ ደረሰኝ ከቀረበ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ ተቀናሽ እንደሚሆን አስረዳችኝ። ጎባ ውስጥ ምጥ የያዛቸውን እናቶች ከገጠር ወደ ሆስፒታል የሚያመላልስ ድርጅት አለ፤ መኪና ይፈልጋል። መኪናዋ ለበጎ ሥራ ትውላለች፣ ግብሩም ይቀልልናል፣ ግቢውም ይጸዳል። አንድ ነገር ብቻ፤ ደረሰኙ ከሰኔ ሠላሳ በፊት መቆረጥ አለበት፣ ከዚያ ካለፈ ለዘንድሮው አይያዝም። እኛ ስናወራ ሰኔ ሃያን አልፏል።

ዲማን የገዛናት ከታደሰ ጋር ነው። ታደሰ የጎባ ልጅ ነው፤ እናቱ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ እህል የማይቀምሱ ሴት ነበሩ፤ እኔ የሮቤ ሙስሊም ነጋዴ ልጅ ነኝ። ሁለታችንም የአንድ ሀብታም የጭነት መኪና እየነዳን ነው የተዋወቅነው። ያን ጊዜ ከተማ ማለት ጎባ ነበር። ሮቤ ዛሬ ፎቅ የተደረደረባት፣ የስንዴ ማጨጃው ኮምባይነር እንደ ባጃጅ የሚተራመስባት ከተማ፣ ያን ጊዜ በአንድ ሲጋራ ዕድሜ ከዳር እስከ ዳር የምትታለፍ ነበረች። ፎቶ ለመነሳት፣ ጫማ ለመግዛት፣ ሱሪ ለማሰፋት ጎባ ይወጣ ነበር። ከገበያው በላይ፣ ባህር ዛፎቹ ከሚገጥሙበት ጥግ፣ በእጅ የሚዞር የነዳጅ ፓምፕ ነበር፤ ቀጂው ከሊትሩ አናት ላይ ትንሽ ጨምሮልን እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም፤ ሽልንግ የያዘ ሰው ሁለት ጓደኛ ጋብዞ መልስ ይቀበላል። ታደሰ ፀጉሩን አፍሮ አበጥሮ፣ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ ይነዳ ነበር። የሳነቴ አምባ ብርድ ሲበረታበት ግን ያንን ሁሉ ሽቅርቅርነት ከእናቱ በወሰደው ጋቢ ይጠቀልለዋል። ካሴታችን ሁለት ነበር፤ አንዱ የአማርኛ፣ አንዱ የኦሮምኛ። ማጫወቻው ክሩን በበላው ቁጥር በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከርን እንመልሰዋለን። ከጎባ ተነስተን ሳነቴን አቋርጠን፣ ቁልቁል ወደ ሪራና ወደ ሃረና ጫካ ወርደን፣ ስንዴና ጨው አራግፈን ቡናና ማር ጭነን እንመለስ ነበር። አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ። መንገዱ ላይ መኪና ስለማይበዛ የዲማን ድምፅ የሰማ ገበሬ ሁሉ ከእርሻው ቀና ብሎ እጁን ያነሳልናል።

መካኒኩ ዲማን አስነሳት። ባትሪ ተቀየረ፣ ጎማ ተቀየረ፣ ዘይት ተቀየረ። ማታ ላይ እጁን እየታጠበ፣ የፍሬኑን ዘይት የሚገፋው ማስተር ውስጥ ያለው ጎማ ደርቋል፣ ይለወጥ፣ ዕቃው ግን ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት አለኝ። ስንት ቀን ይፈጃል አልኩት። አሥር ቀን አለኝ። በአሥር ቀን ውስጥ ሰኔ ያልቃል። እስኪመጣ ይሠራል ወይ ስለው፣ ሜዳ ላይ ይሠራል፣ ቁልቁለት ላይ እኔ አልወስዳትም አለ። ራሴ ገብቼ ሞከርኳት። ፍሬኑን ስረግጥ ያዘ፤ እግሬን ሳላነሳ ስቆይ ግን ከሥሬ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ያንን ስሜት እግሬ ያውቀዋል። ወርጄ በሩን ዘጋሁና ለመካኒኩ ዕቃውን እዘዝ፣ ሲመጣ ድርጅቱ ያስገጥመዋል አልኩት። በማግስቱ የድርጅቱ ኃላፊ ሲስተር ብርቱካንና ሾፌሯ ገመቹ መጡ። ሲስተር ፈጣን፣ ሥራ የለመደች ሴት ናት፤ ወረቀቱን መደብሬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችልኝ። ከመስመሮቹ አንዱ፣ ሰጪው በተሽከርካሪው ላይ የሚያውቀው የደህንነት ጉድለት እንደሌለ ያረጋግጣል ይላል። በእንከን ከተሰጠች ግምቱ እንደሚወርድ ሐናን አስቀድማ ነግራኛለች። ፈረምኩ። ደረሰኙ ተቆረጠ። ገመቹ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ቁልፉን ተቀብሎ ዲማን አንድ ጊዜ ዞራትና ጠየቀኝ።

«ሐጂ፣ እንዴት ናት?»

«ደህና ነች» አልኩት።

እንግዲህ ይህችን ቃል ነው በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ያልኳት። የመጀመሪያው ታደሰ ተራው ደርሶ ቁልፉን ከእጄ የተቀበለ ጠዋት ነው። በዋዜማው ከሪራ የተመለስኩት እኔ ነበርኩ። ግቢ ሳቆማት ከኋላ ጎማዋ ውስጥ በኩል የፍሬን ዘይት ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ፍሬኑ ከወትሮው በላይ ወርዶ ነበር የሚይዘው። ዘይቱን ሞላሁበት። ለታደሰ ልነግረው አስቤ ነበር፤ በእውነት አስቤ ነበር። ግን ብነግረው አይሄድም፣ ጭነቱ ተጭኗል፣ ታች የሚጠብቁን ሰዎች አሉ፣ ሲመለስ እናሠራዋለን አልኩ ለራሴ። ጋቢውን ትከሻው ላይ እየጣለ እንዴት ናት ሲለኝ ደህና ነች አልኩት። ፈገግ ብሎ ገባ። ከሳነቴ ጫፍ ወደ ሪራ የሚወርደውን ጥምዝምዝ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው አለትና የአስታ ዛፍ፣ ጭጋጉ ከታች እየተነፈሰ ይመጣል። ሁለተኛው መጠምዘዣ ላይ ፍሬኑ ባዶ ሆነበት። ታደሰ ገደሉን ትቶ አለቱን መረጠ። ዲማ በጎኗ ተኛች፣ ቀኝ እግሩ ከሥር ቀረ። መንገደኛ እስኪያገኘው ግማሽ ቀን ጭጋግ ውስጥ ተኝቷል። ጎባ ሆስፒታል ስደርስ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጦ ነበር።

አልጋው አጠገብ ስቀመጥ እጄን ያዘና ይቅር በለኝ አለኝ። እሱ ነው እንዲህ ያለኝ፣ ለእኔ። ቁልቁለቱን በማርሽ መያዝ ሲገባኝ ፍሬን ላይ ተኝቼ አቃጠልኩት፣ መኪናችንን አጠፋሁብህ አለኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። አንድ ሐኪም ገባ፣ እናቱ ገቡ፣ እያለቀሱ አቀፉኝ፣ ቃሉ ተመልሶ ወደ ሆዴ ገባ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ቆይቶ በክራንች መሄድ ሲጀምር ሮቤ ድረስ መጥቶ፣ ድርሻዬን ትቼልሃለሁ፣ እኔ ያበላሸኋትን አንተ አሠርተህ ተጠቀምባት አለኝ። እሺ አልኩት። ዲማን አሠራኋት፣ ሠላሳ ዓመት ከዚያ በላይ ነዳኋት፣ መደብሬን የከፈትኩት፣ ልጆቼን ያስተማርኩት፣ ሐጅ የሄድኩት ከእሷ ጀርባ ላይ በወረደ ጭነት ነው። ታደሰ ከሚስቱ ከአልማዝ ጋር ጎባ ውስጥ የስፌት መኪና ገዝቶ በአንድ እግሩ እየረገጠ ልብስ ሰፊ ሆነ። መንገድ ላይ በተገናኘን ቁጥር ዲማ እንዴት ናት ይለኛል።

ገመቹ ዲማን ይዞ በሄደ ማግስት ጠዋት መደብር ቁጭ ብዬ የገሰራ ገብስ የሚያስመዝን ገበሬ እያነጋገርኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ብርቱካን ናት፤ ልታመሰግነኝ ነው የደወለችው። ከሪራ ወዲያ ምጥ የጠናባት እናት አለች ተብሎ ገመቹ በዲማ ገና አሁን ወጥቷል፣ ሐጂ ዱዓ ያድርጉልን፣ የመጀመሪያዋ ናት አለችኝ። ገበሬው ምን ሆኑ ሲለኝ ነው ስልኩን ከጆሮዬ እንዳላነሳሁ ያወቅኩት። የገመቹን ቁጥር ጠይቄ ደወልኩ። ከአገልግሎት ክልል ውጭ ነው። ደግሜ ደወልኩ። አሥር ጊዜ ሳልደውል አልቀረሁም። መደብሩን ለሐናን ጥዬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ ብል ውሸት ነው፤ በዚህ ዕድሜ አይሮጥም፣ እግሬ እየተጠላለፈ ሄድኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ከሮቤ ጎባ ምን አላት፣ ዓይን ጨፍኖ የሚደረስባት መንገድ ናት፤ የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለች። ረዳቱ በየመንገዱ ሰው ይጭናል። ከፊት ለፊቴ ተራራው በጭጋግ ተሸፍኗል፣ የሳነቴ አናት የለም። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እላለሁ፣ ከዚያ ግን ልመናው ይቆምብኛል፤ ምን ብዬ ነው የምለምነው? የማላውቀውን ሴት ሆዷን ይዛ ዲማ ጀርባ ላይ ስትጫን አያታለሁ። አሁን ሁለት ነፍስ ናት። ከገመቹ ጋር ሦስት። እንግዲህ እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሐሳብ ተናነቀኝ። አንደኛው፣ ዝም በል፣ ምናልባት በሰላም ይመለሳሉ፣ ማንም አያውቅም ይላል። ይህንን ድምፅ አርባ ዓመት ገደማ አብሬው ኖሬያለሁ፣ መልኩ እንኳ የራሴን ይመስለኛል፤ ሁለተኛው፣ ገመቹ ቁልቁለቱ ሳይደርስ ተናገር ይላል። ጎባ መግቢያ ላይ ለሲስተር ደወልኩላት።

«ሲስተር፣ ፍሬኗ ጉድለት አለበት። ስፈርም አውቅ ነበር።»

ከጀርባዋ የሕፃን ለቅሶ ይሰማኛል።

«ለምን አሁን ነገሩኝ ብዬ ጊዜ አላጠፋም» አለችኝ። «የት ነዎት?»

ከአንድ ነጋዴ መኪና ለምና ራሷ መጣች፤ ከኋላ ወንበር ጫነችኝ። እስከ ሳነቴ የገመቹን ቁጥር ደጋግማ ደወለች። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ብርዱ ጠነከረ፣ ጭጋጉ ከመንገዱ ላይ ተነስቶ መስታወቱን ላሰ። ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች እንደ ቆመ ሰው ከጭጋጉ ብቅ ይላሉ፣ በእያንዳንዳቸው ገመቹ ነው ብዬ ልቤ ይመታል። ከአንድ ሰው በቀር መንገደኛ አልተገናኘንም፤ ፈረሱን የሚስብ ሽማግሌ ነው፣ ቀይ መኪና አይተዋል ወይ ብለን ስንጠይቀው ታች ድምፅ ሰምቻለሁ አለን። የምን ድምፅ? አላውቅም አለ። ሲስተር መሪ ለያዘው ሰው ንዳ አለችው።

የሳነቴ ሜዳ አልቆ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ መቶ እርምጃ ቢቀረው ነው፣ ዲማ ቆማለች። አራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ ተደርጓል። ገመቹ ኮቱን አንገቱ ድረስ ቆልፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሜዳው ላይ ፍሬኑን ሲይዝ ከእግሩ ሥር እየወረደ እንደሆነ ተሰምቶት፣ አቁሞ፣ ረግጦ እስኪወርድ ቆጠረና ቁልቁለቱን አልገባም ብሎ የስልክ ኔትወርክ ፍለጋ ሁለት ኮረብታ ወጥቶ ወርዷል። ሲስተር ከመኪናው ሳትወርድ ወደ ሪራ ቀጠለች። እኔ ወረድኩ። ዲማ ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ገመቹ ጋቢ ከመኪናው አውጥቶ ሰጠኝ። ነገሩን ነገርኩት። የመካኒኩን፣ የሰኔ ሠላሳን፣ የደረሰኙን፣ የፊርማውን። አላቋረጠኝም።

«ሐጂ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ» አለኝ በመጨረሻ። ድምፁን አላነሳም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለታችን እዚያ ብርድ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ዲማ ውስጥ እንግባ አለኝ፣ እንቢ አልኩ። ሽታዋን መልሼ ማሽተት ፈራሁ። የነጋዴው መኪና ከቁልቁለቱ ሲወጣ ድምፁን አስቀድሞ የሰማው እሱ ነው። ሳይቆም አለፈን። በመስኮቱ የሲስተርን ጀርባ ብቻ አየሁ፣ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ይዛለች። ያችን ሴት አርፍጄባት እንደሆነ፣ ልጇን አጥታ እንደሆነ ሳላውቅ ሌላ መኪና እስኪያወርደን የቆየሁባት ሰዓት ከዕድሜዬ ሁሉ ትረዝማለች። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲስተር ወጣችና ወንድ ነው፣ ሁለቱም ደህና ናቸው አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩና ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። እሷ ግን ቀጠለች። አንድ ሰዓት ብንዘገይ ኖሮ አይተርፉም ነበር፤ ይህንን የምነግርዎ እንዲያውቁት ነው አለችኝ። ወዲያው ወደ ውስጥ ተመለሰች።

ወረቀቱ እንደገና ተጻፈ። ዲማ ተጎትታ ጎባ ገባች፣ ጥገና የሚያስፈልጋት ተብላ ተመዘገበች፣ የፍሬኑን ዕቃ እኔ አስመጣሁ፣ መካኒኩ ጎባ ድረስ ሄዶ ገጠመው። የመጀመሪያውን ደረሰኝ ለሐናን ቅደጂው አልኳት። ምክንያቱን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አጎቴ ሳትለኝ ወጣች። ማታውን ለዘይነባ ነገርኳት፤ የአሁኑን ብቻ ሳይሆን የድሮውንም። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ምግብ እያቀረበች፣ ታደሰ ያውቃል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

የታደሰ ሱቅ ጎባ፣ የድሮው የነዳጅ ፓምፕ ከነበረበት ጥግ አጠገብ ነው። ፓምፑ የለም፣ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ከስፌት መኪናው ላይ ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ በራ፣ ሻይ ልዘዝልህ አለኝ። ፀጉሩ ነጭ ነው፣ የመነጽሩን ክንፍ በክር አስሮታል። አልቀመጥም አልኩ፤ ከተቀመጥኩ እንደማልነግረው አውቃለሁ።

«ታዴ፣ ያን ቀን ፍሬኑን ያቃጠልከው አንተ አይደለህም። ከዋዜማው ጀምሮ ያፈስ ነበር። አይቼዋለሁ። ደህና ነች ብዬ ነው ቁልፉን የሰጠሁህ።»

የስፌት መኪናውን መንኮራኩር በእጁ ያዘው። ውጭ አንድ ባጃጅ አለፈ። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ ዓይኑን እዚያው መነጽር ላይ ተከለ። ከመጣሁ ጀምሮ የፈራሁት ቁጣውን ነበር፤ ሲናገር ግን የተቆጣ ሰው አልነበረም። የጠፋበትን ነገር የሚፈልግ ሰው ነው የሚመስለው።

«አልማዝ እስክትሞት ድረስ፣ ምነው ቀስ ብለህ በነዳህ ትለኝ ነበር» አለኝ። «አሁን ለእሷ ማን ይነግርልኛል?»

መነጽሩን አንስቼ ላቀብለው ስል እጄን በእጁ መለሰው።

«ሂድ ጀማል። ስፈልግህ እጠራሃለሁ።»

ይህ ከሆነ አርባ ቀን አልፎታል። ነሐሴ ገብቷል፣ የሮቤ ሜዳ በስንዴ አረንጓዴ ሆኗል፣ የገመቹን ዲማ ሁለት ጊዜ ከሩቅ አይቻታለሁ። በዚህ ሁሉ ቀን ስልኬ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርዳል፤ ሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ ደግሞ መቅለሉን እንደ ኃጢአት እቆጥረዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ታደሰ ደወለ። ነገ ና አለኝ፣ ሌላ ሳይጨምር ዘጋው። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ዝቅም አላደረገም። ሊያባርረኝ ይሁን፣ ሊያስለቅሰኝ ይሁን፣ ሽማግሌ አስቀምጦ ይሁን አላውቅም። ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው አንዳንድ ፊደል እየሳትኩ ነው።

ዘይነባ ቆማ ስታየኝ ቆየች። አብሬህ ልምጣ ወይ አለችኝ። በአርባ አምስት ዓመት ትዳራችን ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልሴ አንድ ነበር፣ እኔ እበቃለሁ።

«ነይ» አልኳት። «ፈርቻለሁ።»

ጉዞው ነገ መሆኑን እያወቀች ጫማዋን ከአልጋው ሥር አወጣችና ከእኔ ጫማ አጠገብ፣ በሩ ላይ አስቀመጠችው።